ፕሬዚዳንቱ ያሉት ሆነ ወይ? የቆየ ንግግርን ከውጤቱ ጋር የማመሳከር አሠራር

“እገሌ የሚባለው ፕሬዚዳንት እንዲህ ብሎ ነበር፤ አደረገው ወይስ ዋሸ?” ይህ ጥያቄ በሳምንት አንዴ አይቀርልኝም። ብዙውን ጊዜ የሠላሳ ሰከንድ ቪዲዮ ተያይዞበት ነው የሚመጣው። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከመመለስ አሠራሩን አንዴ ጽፌ ላስቀምጠው ብዬ ነው።

ምሳሌዎቼ የአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ናቸው። ንግግራቸውም ቁጥሩም በነፃ ስለሚገኝ ለመለማመድ ይመቻል። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የመጀመሪያውን ንግግር ስትሠሩ ግማሽ ቀን ይወስድባችኋል፤ ከሦስተኛው በኋላ እጃችሁ ይፈታል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ሙሉው የንግግር ጽሑፍ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ የሚገኘው “አሜሪካን ፕሬዚደንሲ ፕሮጀክት” ከመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ከጆርጅ ዋሽንግተን ጀምሮ ያሉትን ይዟል። ፍለጋው በቀንም በስምም ይሠራል።
• ድምፁ ወይም ቪዲዮው። የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲው ሚለር ሴንተር ለብዙዎቹ ትልልቅ ንግግሮች ጽሑፉንና ቀረጻውን አብሮ ያስቀምጣል።
• ቁጥሩን የሚይዘው መሥሪያ ቤት። ለነዳጅና ለመብራት የኃይል መረጃ አስተዳደር፣ ለሥራ አጥነት የሠራተኛ ስታትስቲክስ ቢሮ፣ ለሕግ የኮንግረስ (የአሜሪካ ሕግ አውጪ ምክር ቤት) ድረ ገጽ። ለአጠቃላይ ኢኮኖሚ የሴንት ሉዊስ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ “ፍሬድ” የሚባል የቁጥር ቋት አለው።
• ኤክሴል ወይም ባለ መስመር ደብተር። እኔ ደብተር እመርጣለሁ፤ የጻፍኩትን በኋላ አጥፍቼ እንዳልለውጥ ይይዘኛል። ለምን እንደሆነ ደረጃ 4 ላይ ትደርሱበታላችሁ።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ መባሉን አረጋግጡ

ቪዲዮውን ወይም ፖስቱን አትመኑ። ዓረፍተ ነገሩን ከሙሉው ጽሑፍ ውስጥ ፈልጋችሁ በዓይናችሁ እዩት። ያልተባለ ነገር ከውጤት ጋር ማስተያየት ሙሉ ሥራውን ከንቱ ያደርገዋል።

ኸርበርት ሁቨር “በየድስቱ ዶሮ” (ሁሉም ቤት ይጠግባል ለማለት) ብለው ቃል ገቡ ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። እሳቸው አላሉትም። በ1928 ምርጫ ጊዜ በፓርቲያቸው ደጋፊዎች የወጣ የጋዜጣ ማስታወቂያ ነው። የጂሚ ካርተር የ1979 ንግግር ደግሞ “የማሌዝ (የመንፈስ መላሸቅ) ንግግር” እየተባለ ይጠራል። “ማሌዝ” የሚለው ቃል ግን በንግግሩ ውስጥ አንድም ቦታ የለም። በዚያ ቃል ስትፈልጉ ውላችሁ ብታጡት አይግረማችሁ።

ተናጋሪው በዚያ ቀን ማን እንደነበረም መዝግቡ። ጆርጅ ቡሽ (አባትየው) “ከንፈሬን አንብቡ፦ አዲስ ግብር የለም” ያሉት ኦገስት 18 ቀን 1988 ነው። ያን ጊዜ ምክትል ፕሬዚዳንትና እጩ ነበሩ። እጩ የሚናገረው ለመራጭ ነው፤ ሥልጣን ላይ ያለ ሰው የሚናገረው ትእዛዝ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ሁለቱን በአንድ ዓምድ አትደርድሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ “ለንባብ የተዘጋጀ” ተብሎ አስቀድሞ ለጋዜጠኞች የሚሰጥ ጽሑፍ አለ። ተናጋሪው መድረክ ላይ ሊዘል ወይም ሊጨምር ይችላል። የምትጠቅሱትን ዓረፍተ ነገር ቢያንስ በድምፅ ስሙት።

ደረጃ 2፦ ሙሉውን አንብቡ፤ በተለይ ቀጥሎ ያለውን ዓረፍተ ነገር

ቢል ክሊንተን በጃንዋሪ 1996 “የትልቅ መንግሥት ዘመን አብቅቷል” አሉ። ሁሉም ሰው የሚጠቅሰው ይህን ነው። ቀጥለው ግን ዜጎች ለራሳቸው ብቻ ተትተው ወደነበሩበት ጊዜ መመለስ አንችልም ብለዋል። የመጀመሪያውን ብቻ ይዛችሁ ውጤቱን ብትለኩ ያልገቡትን ቃል ነው የምትለኩት።

ሙሉውን ማንበብ ሌላም ጥቅም አለው። ሰው የሚያስታውሰው የተሳካውን ወይም በጣም የከሸፈውን ነው። ኬኔዲ ሜይ 25 ቀን 1961 ለኮንግረስ ያሰሙትን ንግግር ሁሉም ሰው ጨረቃ ላይ እንዲያርፍ ስለጠየቁበት ያነሳዋል። በዚያው ንግግር “ሮቨር” ለሚባል በኒውክሌር ኃይል ለሚሄድ ሮኬት 23 ሚሊዮን ዶላር ጭማሪ ጠይቀዋል። ፕሮግራሙ በ1973 ተዘጋ፤ ሮኬቱ አንድ ጊዜም ጠፈር ላይ አልወጣም። ስለዚህ በንግግሩ ውስጥ ያለውን ቃል ሁሉ ቁጥር ሰጥታችሁ ዘርዝሩ። የምትመርጡት ከዚያ በኋላ ነው።

ከተቻለ ከዚያ በፊት ያለውንም እዩ። ፍራንክሊን ሩዝቬልት ኦክቶበር 30 ቀን 1940 ቦስተን ላይ “ልጆቻችሁ ወደ የትኛውም የባዕድ አገር ጦርነት አይላኩም” አሉ። ፓርቲያቸው ያጸደቀው ሰነድ ግን “ጥቃት ካልደረሰብን በቀር” የሚል ነበረው። ቦስተን ላይ ያ ቅድመ ሁኔታ ቀረ። ከዓመት ከጥቂት በኋላ ፐርል ሃርበር የሚባለው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰፈር በጃፓን ተመታ፤ አገሪቱም ጦርነት ገባች። በዚያ “በቀር” የሚለው ቃል መኖርና አለመኖር ፍርዳችሁን ይገለብጠዋል። ሁለቱንም ጻፉ።

ደረጃ 3፦ ዓረፍተ ነገሩ ምን ዓይነት እንደሆነ ለዩ

ግሡን ተመልከቱ። ሦስት ዓይነት አለ።

ሀ) ቃል። “አደርጋለሁ”፣ “እከለክላለሁ”። በራሱ ሥልጣን የሚፈጽመው ነው።
ለ) ጥያቄ። “ኮንግረስ ይህን ያጽድቅልኝ”። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ትለካላችሁ፦ ረቂቁን በእርግጥ አቀረቡ ወይ? ኮንግረሱስ አጸደቀ ወይ?
ሐ) ትንበያ። ሁቨር ማርች 7 ቀን 1930 ገበያው መውደቁ በሥራ አጥነት ላይ ያመጣው ክፉው ጊዜ በሚቀጥሉት 60 ቀናት ያልፋል አሉ። በ1933 ከአራት ሠራተኛ አንዱ ገደማ ሥራ አልነበረውም። ይህ የተሳሳተ ትንበያ እንጂ የታጠፈ ቃል አይደለም።

ለምን ይጠቅማል? “ዋሸ” የሚለው ፍርድ ለሦስቱም እኩል አይሠራም። ሰዎች የሚጣሉት አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ትንበያውን እንደ ቃል ቆጥሮት ነው።

ደረጃ 4፦ ቁጥሩን ከማየታችሁ በፊት ካርድ ጻፉ

ከዚህ መመሪያ አንድ ደረጃ ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። ካርድ የምለው ምን እንደምትለኩና በምን እንደምትፈርዱ አስቀድማችሁ የምትጽፉበትን ገጽ ነው። ውጤቱን ካወቃችሁ በኋላ መለኪያ ብትመርጡ፣ ከምትወዱት ፕሬዚዳንት ጋር የሚስማማውን ነው የምትመርጡት። እኔም አደርገዋለሁ፤ ሰው ነኝ። ካርዱ የሚያስረን ገመድ ነው።

ካርተር ጁላይ 15 ቀን 1979 በቴሌቪዥን የተናገሩትን ወስደን አብረን እንሥራ። እንዲህ አሉ፦ ከዚህች ቅጽበት ጀምሮ ይህች አገር በ1977 ከተጠቀመችው የበለጠ የውጭ ነዳጅ አትጠቀምም፣ በፍጹም።

የእኔ ካርድ ይህን ይመስላል፦

ተናጋሪ፦ ካርተር፣ በሥልጣን ላይ
ዓይነት፦ ቃል
የሚለካው፦ ከውጭ የገባ ነዳጅ፣ በቀን በበርሜል
መነሻ፦ 1977
ቀነ ገደብ፦ የለም (“በፍጹም” ብለዋል)
የታጠፈ የሚባለው፦ የአንድ ሙሉ ዓመት አማካይ ከ1977ቱ ሲበልጥ
አሻሚ ነገር፦ “የውጭ ነዳጅ” የገባው በሙሉ ነው ወይስ ወደ ውጭ የተላከው ተቀንሶ?

የመጨረሻዋን መስመር አትዝለሉ። አሻሚ ቃል ካለ ሁለቱንም ትርጉም ጻፉና ሁለቱንም ለኩ። መልሱ አንድ ከሆነ ክርክሩ አያስፈልግም። ከተለያየ መለያየቱን ትናገራላችሁ።

“በዚህ አሥር ዓመት መጨረሻ” የሚል ስታገኙም እንዲሁ አድርጉ፤ 1969ን ነው ወይስ 1970ን? ኬኔዲ ሰው ጨረቃ ላይ አርፎ “በሰላም ወደ ምድር እንዲመለስ” ነው የጠየቁት። ማረፊያው ጁላይ 20 ቀን 1969፣ ውቅያኖስ ላይ መውረዱ ጁላይ 24። በሁለቱም ትርጉም ደርሷል፤ ቀጥሉ።

ደረጃ 5፦ የንግግሩ ዕለት ሁኔታው ምን ነበር?

ሊንደን ጆንሰን ኦክቶበር 21 ቀን 1964 ኦሃዮ ውስጥ አክሮን ላይ ተናገሩ። የእስያ ልጆች ለራሳቸው ማድረግ ያለባቸውን ለማድረግ የአሜሪካን ልጆች ዘጠኝና አሥር ሺህ ማይል ርቀን አንልክም አሉ። አድማጩ “እዚያ ማንም የለንም” ብሎ ሊረዳው ይችላል። ግን በዚያ ዓመት መጨረሻ ቬትናም ውስጥ “አማካሪ” የሚባሉ 23,000 ገደማ የአሜሪካ ወታደሮች ነበሩ። ማርች 8 ቀን 1965 የመጀመሪያዎቹ 3,500 ማሪኖች (ተዋጊ ወታደሮች) ዳ ናንግ በምትባል የቬትናም ከተማ ወረዱ። በ1965 መጨረሻ ቁጥሩ ወደ 184,000 ደረሰ።

መነሻውን ካልጻፋችሁ ከዜሮ የተነሳ ይመስላችኋል። ልዩነቱ ሁልጊዜ ከመነሻው ነው የሚቆጠረው።

ደረጃ 6፦ ቁጥሩን አምጡ

ወደ ካርተር እንመለስ። የኃይል መረጃ አስተዳደሩን ዓመታዊ ሰንጠረዥ ክፈቱ። የምትፈልጉት ድፍድፉንና የተጣራውን አንድ ላይ የሚደምረውን ነው። ቁጥሮቹ በቀን በሚሊዮን በርሜል ሲጻፉ እንዲህ ናቸው፦

1977፦ የገባው በሙሉ 8.8፤ የተላከው ሲቀነስ 8.6
1985፦ 5.1፤ ሲቀነስ 4.3
1994፦ 9.0
1997፦ ሲቀነስ 9.2
2005፦ 13.7፤ ሲቀነስ 12.5
2020፦ አገሪቱ ከምታስገባው ይልቅ የምትልከው በለጠ

አሁን የራሴን ስህተት ልንገራችሁ። መጀመሪያ ስሠራው የ1977ቱን ከ“ጠቅላላ” ዓምድ፣ የቀሩትን ዓመታት ደግሞ ከ“ድፍድፍ” ዓምድ ወሰድኩ። ዓምዶቹ ጎን ለጎን ናቸው፤ ስልክ ላይ ደግሞ ርእሳቸው አይታይም። በዚያ ስሌት ቃሉ እስከ 2000 ድረስ አልታጠፈም። ቡና እየጠጣን በልበ ሙሉነት አወራሁት። ከጠረጴዛው ማዶ የነበረ ወዳጄ ስልኩን አውጥቶ “1994ን እስቲ እየው” አለኝ። ቡናው ቀዘቀዘብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የዓምዱን ርእስ ሙሉውን ቃል በቃል ካልገለበጥኩ ቁጥር አልጽፍም። እናንተም እንደዚያ አድርጉ።

ማስጠንቀቂያ፦ የቆየ ቁጥር ይከለሳል። የአንድ ዓመት አሃዝ መጀመሪያ ከወጣ በኋላ ሊስተካከል ይችላል። ስለዚህ ሰንጠረዡን ያያችሁበትን ቀን ጻፉ፤ ስክሪንሹትም አስቀምጡ። በኋላ ሰው “እኔ ያየሁት ሌላ ነው” ሲላችሁ ሁለታችሁም ትክክል ልትሆኑ ትችላላችሁ።

ደረጃ 7፦ ፍርዱን ከነቀኑ ስጡ

አምስት መልስ ይበቃል፦ ሆነ፣ በከፊል ሆነ፣ አልሆነም፣ ገና ነው፣ ሊለካ አይችልም። ከመልሱ ጎን እስከ መቼ እንደተለካ ይጻፍ።

የካርተርን ተመልከቱ። በ1985 ብትጠየቁ “ከሚጠበቀው በላይ ሆነ” ትላላችሁ። በ2005 “ፈራርሷል”። በ2020 ደግሞ የተላከውን ቀንሶ ለሚለካ ሰው የውጭ ጥገኝነቱ ጠፍቷል። “በፍጹም” የሚለው ቃል ግን አንድ ጊዜ ከታጠፈ ታጠፈ ነው። ስለዚህ የእኔ ፍርድ፦ አልሆነም፤ የገባው በሙሉ ከተለካ በ1994፣ የተላከው ተቀንሶ ከተለካ በ1997 ታጥፏል። ያኔ ካርተር ከሥልጣን ከወረዱ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ይህንንም አብሬ እጽፈዋለሁ።

በዚያው ንግግር በ2000 ከአገሪቱ ኃይል 20 በመቶው ከፀሐይ እንዲገኝ ግብ አስቀምጠዋል። ለጋስ ሆናችሁ ውሃውንም፣ ነፋሱንም፣ ማገዶውንም ብትደምሩ በ2000 ታዳሽ የሚባለው 6 በመቶ ገደማ ነበር። በሰፊው ትርጉም እንኳ ካልደረሰ በጠባቡ መለካት አያስፈልግም።

“በከፊል”ን ቆጥባችሁ ተጠቀሙባት፤ ሰው ላለማስቀየም የምትወጣ ቃል ናት። ኦባማ ጃንዋሪ 22 ቀን 2009 ኩባ ውስጥ ያለው የአሜሪካ የጓንታናሞ እስር ቤት በአንድ ዓመት ውስጥ እንዲዘጋ ትእዛዝ ፈረሙ። ሥልጣን ሲይዙ 242 እስረኞች ነበሩ፣ ሲወርዱ 41። ቁጥሩ በጣም ቀንሷል። ካርዱ ላይ የተጻፈው ግን “ይዘጋል” ነው፤ አልተዘጋም። መቀነሱን በማስታወሻ ዓምድ አስቀምጡት።

ደረጃ 8፦ “ሆነ” እና “እሳቸው አደረጉት” ለየብቻ ይጻፉ

ሌላ ዓምድ ክፈቱ። ከ1979 በኋላ ከውጭ የሚገባው ነዳጅ የቀነሰው የዓለም ዋጋ ስለናረ፣ ኢኮኖሚው ስለቀዘቀዘ፣ በ1977 ሥራ የጀመረው የአላስካ የነዳጅ ቧንቧ ስላገዘ ጭምር ነው። በ1986 ዋጋው ሲወድቅ የሚገባው ነዳጅ እንደገና ጨመረ። የጓንታናሞውም ቢሆን ኮንግረስ እስረኞቹ ወደ አሜሪካ ምድር እንዳይገቡ በጀት ከልክሏል። የቡሽ “አዲስ ግብር የለም” ደግሞ በተቃራኒው ግልጽ ነው፦ ከፍተኛውን የገቢ ግብር ከ28 ወደ 31 በመቶ ያሳደገውን ሕግ ኖቬምበር 5 ቀን 1990 ራሳቸው ፈርመዋል።

መንስኤውን በእርግጠኝነት ካላወቃችሁት ዓምዱን ባዶ ተዉት።

ቁጥርም ቀንም የሌለው ንግግር ሲገጥማችሁ

ይህ ብዙ ሰው የሚያቆምበት ቦታ ስለሆነ ለኛ ቅርብ በሆነ ምሳሌ ላሳያችሁ። ሃሪ ትሩማን ጃንዋሪ 20 ቀን 1949 ሲሾሙ ባደረጉት ንግግር አራት ነጥብ አነሱ። አራተኛው፦ የሳይንስና የኢንዱስትሪ እድገታችን ጥቅም ላላደጉ አካባቢዎች እንዲደርስ ደፋርና አዲስ ፕሮግራም መጀመር አለብን የሚል ነው። አገር አልተጠቀሰም፤ ገንዘብም፣ ቀነ ገደብም። አገራችን ውስጥ ግን በእድሜ የገፉ ሰዎች “ፖይንት ፎር” (አራተኛው ነጥብ) ሲባል ወዲያው ያውቁታል።

እንዲህ ዓይነቱን በደረጃ መሰላል ለኩት። እያንዳንዷ ደረጃ “አዎ ወይም አይ” የሚል መልስ ይኑራት።

ጥያቄ ቀረበ? አዎ፤ በጁን 1949 ትሩማን 45 ሚሊዮን ዶላር ጠየቁ።
ሕግ ሆነ? አዎ፤ ጁን 5 ቀን 1950።
ገንዘብ ተመደበ? አዎ፤ 34.5 ሚሊዮን። ከተጠየቀው ያነሰ ነው።
የሚሠራው ቢሮ ተቋቋመ? አዎ፤ በ1950 መገባደጃ።
ከአንድ አገር ጋር ስምምነት ተፈረመ? ለእኛ፣ አዎ፤ በ1951።
መሬት ላይ የሚታይ ነገር አለ? የኦክላሆማ ግብርና ኮሌጅ በ1952 ውል ገብቶ ጅማ ላይ የግብርና ትምህርት ቤት ተከፈተ። የዓለማያው ኮሌጅ በ1956 በራሱ ግቢ ማስተማር ጀመረ። ዛሬ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ነው። የኦክላሆማ መምህራን እስከ 1968 ቆይተዋል።

ከንግግር እስከ ዓለማያ ግቢ ሰባት ዓመት ማለት ነው። ልብ በሉ፦ ይህ መሰላል የሚመልሰው “ፕሮግራሙ ተጀመረ ወይ?” የሚለውን ብቻ ነው። “ድህነት ቀነሰ ወይ?” የሚለው ሌላ ካርድ ነው። በአንድ ካርድ ላይ ሁለት ጥያቄ አትጻፉ።

በብዛት የማያቸው ስህተቶች

የበጀት ዓመትን ከተራው ዓመት ማምታታት። የአሜሪካ በጀት ዓመት እስከ 1976 ጁላይ 1 ይጀምር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ኦክቶበር 1። ለውጡ ሲደረግ ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር 1976 ያሉት ሦስት ወራት ለብቻቸው ተንሳፍፈው ቀሩ። ሰንጠረዡ ላይ ለብቻዋ የቆመች መስመር ካያችሁ የማተሚያ ስህተት አይደለችም።

የኛና የፈረንጁ አቆጣጠር። የካርተር ንግግር በኛ ሐምሌ 8 ቀን 1971 ነው። “በ1971 የተናገሩት” ብላችሁ ብትለጥፉ ሰው ኒክሰን ጋ ሄዶ ይፈልጋል።

የዋጋ ንረትን መርሳት። የ1950ውን 34.5 ሚሊዮን ዶላር ከዛሬው ገንዘብ ጋር በቀጥታ አታወዳድሩ።

በመቶኛና በነጥብ መካከል ያለውን አለመለየት። ከ28 ወደ 31 በመቶ ሦስት ነጥብ ነው፤ “ሦስት በመቶ ጨመረ” አይባልም።

አንድ ንግግር ይዞ ስለ ሰውየው በሙሉ መፍረድ። ቢያንስ አሥር ካርድ ሳይኖራችሁ “ቃሉን የሚጠብቅ” ወይም “የማይጠብቅ” አትበሉ።

አሠራሩን ለአገር ቤት ንግግር የምትጠቀሙ

የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት በመስከረም የመጨረሻው ሳምንት ሰኞ ሁለቱን ምክር ቤቶች ሲከፍቱ የሚያሰሙት ንግግር የመንግሥትን የዓመቱን ዕቅድ የሚያሳይ ነው። ሁለት ነገር አስተካክሉ። አንደኛ፣ አስፈጻሚው በጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመራው መንግሥት ስለሆነ ካርዱ ላይ “ተናጋሪ” እና “ፈጻሚ” የሚሉ ሁለት መስመሮች ክፈቱ። ሁለተኛ፣ በጀቱ ከሐምሌ 1 ጀምሮ ስለሚቆጠር ንግግሩ ሲሰማ ወደ ሦስት ወር የሚጠጋው አልፏል። “በዚህ ዓመት” ሲባል እስከ ሰኔ 30 ነው ወይስ እስከ ጳጉሜን? ካርዱ ላይ የትኛውን እንደያዛችሁ ጻፉ። ሌላው ሁሉ ያው ነው።

ፋይሉን ስታስቀምጡ በንግግሩ ቀን ሰይሙት፤ በፕሬዚዳንቱ ስም ብትሰይሙት ከሃያ ካርድ በኋላ የትኛው የትኛው እንደሆነ ይጠፋባችኋል።